የእናቴን ቡና ዝናብ እንዳያገኘው

እህቴ ነጅዋ ውሸት አይሆንላትም። ልጅ ሳለች የጎረቤት ሙሽራ «አምሮብኛል?» ብትላት «አላማረብሽም» ብላ ሰርገኛውን አስኮርፋለች። እኔ ሻሚል ግን አማን ከተማ ላይ ሱቅ አለኝ፤ ሳልዋሽ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ነጅዋ ኦቲዝም ያላት የቡና ተመራማሪ ናት፤ የምትሠራው ቴፒ ነው። የቅጠል በሽታ ከሌላው ሰው ቀድሞ ይታያታል ይላሉ ባልደረቦቿ። ጫጫታ ግን ያማታል፤ ሰው ሲያቅፋት ድርቅ ትላለች።

እናታችን ጀውሃራ ያረፈችው ኅዳር ላይ ነው። ግቢያችን ውስጥ፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ ቡናዋ ለፀሐይ ተሰጥቶ ነበር። ለቀስተኛው ድንኳኑን ሞልቶ ሲላቀስ ነጅዋ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም። ማካፋት ሲጀምር ብድግ አለችና በሰው መሀል አልፋ ወጥታ ቡናውን ሸራ ታለብስ ጀመር። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ከሐዘኔ ሀፍረቴ በለጠ።

«እናትሽ ሞታ ስለ ቡና ታስቢያለሽ? ልብ የለሽም! ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትረግጪ!» አልኳት፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት።

የሸራውን ጠርዝ በድንጋይ አስያዘች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ሄደች።

ከሦስት ወር በኋላ፣ እናቴን ሆስፒታል ያስታመመችው አክስቴ ሳሊሀ ነገረችኝ። እናቴ ልትሞት ስትል ነጅዋን ጠርታ፣ መነካት እንደማትወድ ስለምታውቅ እጇን እንኳ ሳትይዝ፣ «ልጄ፣ ቡናዬን ዝናብ እንዳያገኘው፣ አደራ» ብላታለች። የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ነው። ያን ዕለት ሱቄን ዘግቼ አለቀስኩ።

ቴፒ ሄጄ «ይቅር በዪኝ፣ ቤትሽ ግቢ» ብዬ ለመንኳት።

«ይቅር ብያለሁ» አለች ችግኞቿን እያየች። «ያባረርከኝ ግን በሰው ፊት ነው። ተሳስቼ ነበር ብለህም በሰው ፊት ተናገር። ያን ዕለት እመጣለሁ።»

እሺ አልኳት። እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነው። ይኸው ሁለት ዓመት ሞላው።

ባለፈው ቅዳሜ ሚዛን ላይ፣ ነጅዋ ኦቲዝም ያላቸውን ልጆች ወላጆች ሰብስባ እንደምትናገር ሰማሁና ሄድኩ። ዛሬስ እናገራለሁ ብዬ ነው የሄድኩት፤ ወላሂ ቆርጬ ነበር።

ዓለምሸት የምትባል እናት ተነሳች። «ልጄ አንድ ቀን አቅፎኝ አያውቅም። ይወደኝ ይሆን?» አለች።

«ከገበያ ስትመለሺ ምን ያደርጋል?» አለቻት ነጅዋ።

«ጫማዬን ተቀብሎ ጎን ለጎን ያስተካክላል።»

«እሱ ነው» አለች እህቴ። ከዚያ የእናታችንን ቡና ነገር አወራች፤ አደራውንም፣ ዝናቡንም፣ መባረሯንም። «እኔ ያለቀስኩት እንደዚያ ነው» አለች።

ያን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ የነበሩ ሁለት ጎረቤቶቼ አንገታቸውን ደፉ። ዓለምሸት ግን ተናዳለች። «ማን ነው ያባረረሽ?»

ነጅዋ አየችኝ። የሰው ዓይን ማየት ምን ያህል እንደሚከብዳት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ። ልነሳ አልኩ። ዙሪያዬን ቃኘሁ። ግማሾቹ ደንበኞቼ ናቸው እኮ፣ አልኩ በሆዴ።

«እናቱ የሞተችበት ሰው ነው» አለች በመጨረሻ።

ውሸት አልነበረም። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብላት እኔም እንደተቀመጥኩ አጨበጨብኩ።