ሲለቅ የሚያስለምን ሳንቃ

ደግሞ ዛሬ፣ ቀን የጠፋ ይመስል ዛሬ፣ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ባንዲራዋን ከእጇ ሊነጥቃት ሲታገል፣ ሚና ራዲዮውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ኤበንን ድገመው እስቲ ትለዋለች፣ ከፍ ያለውን ነው ያልከው? ከፍ ያለውን ሳንቃ? አዎ ከፍ ያለውን፣ ይላል ኤበን ከተራራው አናት፣ ጄዝሊን እሱን ይዛ ተሰልፋለች፣ ልጅሽ ናትና የምታውቂ መስሎኝ፣ ለማንኛውም ክርኑ ንጹሕ ነው ወይ፣ አራቱም ተወዳዳሪዎች ተዘጋጅተዋል፣ ያንቺን ቃል ብቻ ነው የምጠብቀው።

ያንቺን ቃል ብቻ። ጉድ ነው።

ክርን የሚሉት ይህን መታጠፊያ ነው፣ የአሮጊት ክርን፣ ከኦሽን ቪው ሰፈር በላይ ቀጥ ብሎ የወረደው መንገድ እዚህ ሲደርስ እጇን ወገቧ ላይ እንዳደረገች ቁጡ ሴት እጥፍ ይላል፣ በውስጥ በኩል አለት፣ በውጭ በኩል የድርቆሽ እስር፣ ከእስሩ ወዲያ አየር፣ ከአየሩ በታች ባሕር። በባለ ጎማ ሳንቃ ቆመው ቁልቁል ለሚወርዱበት ውድድር መኪና ታግዷል፣ ሚና ከአለቱ ሥር ቆማ ንጹሕ ነው ሳትል ማንም አይወርድም። ንጹሕ ነው። ሁለት ቃል፣ ሕፃን የሚለው። አውራ ጣቷ ግን የራዲዮውን ቁልፍ አይጫንም።

ዝቅ ያለውስ የት ሄደ፣ መኪናው ውስጥ ነበር፣ ጠዋት እሷ ራሷ ናት የጫነችው፣ የሠራችውም እሷ፣ ልጅቷ ገና ቀበጥባጣ ሳለች የሳንቃውን ሁለት ጫፍ ቀድዳ፣ የጎማውን ብረት በቀዳዳው አሾልካ ከላይ አሠረችው፣ እንዲያ ሲታሠር ሳንቃው በጎማዎቹ መሃል ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ልጅ መሬት መሬት እየሸተታት ትወርዳለች፣ ጎንበስ ስትል ጓንቷ አስፋልት ያገኛል፣ ተረከዟን ወደ ጎን ገፋ ስታደርግ ጎማው ሳያንገራግር ይለቃል፣ ይንሸራተታል፣ በዚህ ቁልቁለት ደግሞ ፍጥነት የሚበርደው በመንሸራተት ነው፣ ፍሬን የሚባል ነገር የለም፣ አስፋልቱን በጎን እየላጉ መውረድ ነው። ከፍ ያለው ሌላ ነው። ብረቱ ከሆዱ ሥር ይታሠራል፣ አንቺ ከሁሉ በላይ ትቆሚያለሽ፣ ክብደትሽ ቀጥ ብሎ ጎማው ላይ ያርፋል፣ ጎማውም አስፋልቱን ይነክሳል፣ ልቀቅ ሲሉት አይለቅም፣ በግድ ሲያስለቅቁት ደግሞ አንዳንዴ መንገድ ላይ ሐሳቡን ይለውጥና መልሶ ይነክሳል፣ ያን ጊዜ ሳንቃው ይቆማል፣ አንቺ ትቀጥያለሽ። በአየር። የሚና ትከሻ ይህን ያውቃል፣ ነፋስ ሲዞር ይጠዘጥዛታል፣ አሁንም እየጠዘጠዛት ነው፣ መጽሐፍማ ብዙ አንብባለች፣ ከቤተ መጻሕፍቱ መርከብ ስለመሥራት የሚያወራውን ሳይቀር፣ እንደ ትከሻዋ ያስተማራት ግን የለም።

ሚና፣ ትሰሚኛለሽ? ኤበን ነው።

ቆይ።

ዝንጀሮ አለ በይው። እንዴት ቀላል ነገር ነው፣ ዝንጀሮ መንገድ ላይ ተቀምጧል በይው፣ ማን ያጣራል፣ እዚህ ተራራ ላይ ዝንጀሮ የሰፈር ሰው ነው፣ ባለፈው ጎረቤቷ ታኒ ሶፊ ወጥ ቤት ገብቶ ፍሪጅ ከፍቶ እርጎውን ጠጥቶ ወጣ፣ እርጎውስ ይሁን፣ በሩን እንኳ አልዘጋም ብላ ነው የተናደደችው። ዝንጀሮ ካለ ኤበን ያቆማል፣ አንቺ ዝቅ ያለውን ከመኪናው አውጥተሽ ሽቅብ ትሮጫለሽ፣ ጄዝሊን፣ ያዢ፣ ይሄን ያዢ ትያታለሽ፣ በእኩዮቿ ፊት፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ፣ የኮቷን ቁልፍ እንደምትቆልፊላት ሕፃን።

ምነው ፊትሽ ልውጥውጥ አለ? ታኒ ሶፊ ናት፣ እትዬ ሶፊ እንደማለት፣ ታጣፊ ወንበሯን ከነፋሱ መከለያ ከአለቱ ሥር ዘርግታ የተጠበሰ ዓሣ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፣ ብዪ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል። አልበላም ታኒ ሶፊ። ልጅቷ ናት? ከፍ ያለውን ይዛለች። እና? ለኔ ሁሉም ጣውላ ነው፣ ያቺ ልጅ በመጥበሻም ቢሆን ትወርዳለች። በመጥበሻ አይወረድም ታኒ ሶፊ። ከፈራሽ ታዲያ ባንዲራውን ለምን ያዝሽ፣ ለኔ ስጪኝ፣ እኔ እንደሁ የሚወርድ ልጅ የለኝ።

የምትለው አይጠፋትም። አጥንት እየተፋች።

ትናንት ልምምድ ላይ ጄዝሊን ዝቅ ባለው ወርዳ እዚሁ ክርኑ ላይ ጎማው እሺ ብሎ ለቀቀላት፣ ለቀቀ፣ ለቀቀ፣ ለቀቀ፣ ተመለስ ብትለው የማይመለስ፣ ድርቆሹ ውስጥ ሄዳ ተወሸቀች፣ ከፀጉሯ ገለባ እየነቀለች ወጣችና፣ እማ፣ ብትቆጪም ተቆጪ፣ ያንቺ ሳንቃ ሲለቅ እሺ ባይ ነው፣ ተመለስ ሲሉት ነው ጆሮ የሌለው፣ ከፍ ያለው ግን ሲለቅ ያስለምናል እንጂ ከለቀቀ በኋላ የምለውን ይሰማል፣ እኔም የሚለውን በእግሬ እሰማለሁ፣ አለች። ሲያስለምንሽ አጥንትሽን ይሰብረዋል። ያንቺን የሰበረው እንደ ሙሽራ ተገትረሽ ስለቆምሽ ነው። ማን ነው እንዲህ ያለሽ? ኤበን። ይኼ ኤበን፣ ምላሱ ይታጠፍ፣ የሰው አወዳደቅ እንደ ዜና የሚያወራ።

ደግሞ እውነቷን ነው። ይኼ ነው አልዋጥ ያላት። እሺ ባይ ነገር ለተማሪ ጥሩ ነው፣ ሰፊ መታጠፊያ ላይ ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን፣ ክርን ላይ፣ መልቀቁን ማን አጣው፣ መመለሱ ነው እንጂ።

ያኔ ደግሞ፣ ከትናንቱ በፊት፣ በዓሣ ወደቡ። ከሥራ ወጥታ፣ እጇ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣ በበረዶ መኪናዎቹ ጀርባ ስታልፍ ባዶው የሲሚንቶ ቁልቁለት ላይ አንድ ሰው ነበር፣ ሄልሜት ያጠለቀ፣ ወንድ ይሁን ሴት የማይለይ፣ ሳንቃው ከፍ ያለ፣ ሚና የቆመችው ልትስቅ ነው፣ አሁን ይፈነገላል ብላ፣ ያ ሰው ግን አልቸኮለም፣ ጎማው ተለምኖ እስኪበቃው ጠበቀው፣ ከዚያ ከወገቡ ዝቅ አለና ክብደቱን ከሳንቃው ላይ ሰረቅ አድርጎ እግሩን ዘረጋ፣ ጎማው ጮኸ፣ ጭራዋን እንደተረገጠች ድመት፣ ሳንቃው ተሻገረ፣ ዞረ፣ ተመለሰ፣ ምንም እንዳልሆነ ቀጥ ብሎ ሄደ። እንደገና። እንደገና። መንሸራተቱ ባሰበበት ቦታ ይጀምራል፣ ባሰበበት ቦታ ያልቃል፣ አንዲት ክንድ ሳትተርፍ፣ ሚና አፏን ከፍታ ቀረች፣ የማን ልጅ ነው እቴ፣ እናቱ ምን አብልታ አሳደገችው፣ አለች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ትንሽም ቀንታ። ከዚያ ሄልሜቱ ወለቀ፣ ጄዝሊን።

ከመኪናው ጀርባ አልወጣችም። ቤት ደርሳ የት ዋልሽ አለች እንጂ ሌላ አልተነፈሰችም፣ የትም፣ አለች ጄዝሊን። ጓዳ ከተከመረው እንጨት አንድ መጉደሉን፣ የሳንቃ መጭመቂያው ላይ የማታውቀው ሙጫ መድረቁን ሚና አይታለች፣ ሞራጁም የዋለበት ቦታ አልነበረም፣ እንግዲህ ሳትጠይቃት ሳታሳያት ሠርታዋለች፣ ከሚና እጅ ያልወጣ የመጀመሪያ ሳንቃዋን።

ያን ቀን ያደነቀችው ልጇን አይደለም። የማታውቀውን ሰው ነው። ለማያውቁት ሰው ዐይን አያዳላም፣ የገዛ ልጅ ሲሆን ነው ወይ የሚያጋንን ወይ የሚያርበተብት፣ እዚያ ቁልቁለት ላይ ግን ልጅም እናትም አልነበሩም፣ አንድ የሚችል ሰው ነበር፣ አንዲት የሚገባት ሴትዮ ደግሞ ከመኪና ጀርባ።

ሚና፣ ተኛሽ እንዴ? እዚህ ነፋሱ ሰው ሊጥል ነው፣ ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም?

አውራ ጣቷ ቁልፉን ይጫናል። ዝንጀሮ የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ጭራዋን አንጠልጥላ። ንጹሕ ነው፣ ትላለች ሚና፣ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ነው፣ ንጹሕ ነው ኤበን፣ ልቀቃቸው።

መጀመሪያ ነፋሱ ብቻ። ከዚያ ከማይታየው ከላይ የጎማ ጉርምርምታ፣ መንገዱ በጫማዋ በኩል ይነግራታል፣ ከዚያ ይታያሉ፣ አራት፣ ተጣብቀው፣ ፊት ያለው ጥቁር ለባሹ ዋልዶ ነው፣ የባለ ጋራዡ ልጅ፣ ዝቅ ባለው፣ ጄዝሊን ከኋላው ተለጥፋ፣ ከሁሉም በላይ ቆማ፣ እንደ ሸራ፣ ነፋሱ ቢወስዳትስ፣ አሁን ዋልዶ ይጀምራል፣ አስቀድሞ መጀመር አለበት፣ ዝቅ ያለው ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል፣ እጁን አስፋልት ላይ አሳርፎ ረጅም፣ ለስላሳ፣ ሽሽሽ፣ እሱም ያምራል፣ ሚና አትክድም፣ ወደ ድርቆሹ እየሰፋ፣ ጄዝሊን ግን ገና፣ ገና ናት፣ አሁን፣ አሁን ልጄ፣ አሁን እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ የኔ እናት፣ አለቱ መጣ፣ አሁን፣

ታስለቅቀዋለች።

ጩኸቱ ሚናን ደረቷ ላይ ይመታታል፣ አጭር፣ ደረቅ፣ ሳንቃው መንገዱን ይሻገራል፣ ልጅቷ ከላዩ ጎንበስ ብላ፣ አንድ እጇ ከኋላዋ መሬቱን ሳይጫን እየዳሰሰ፣ ጉልበቷ እየታጠፈ እየተዘረጋ፣ ከጎማው ጋር እየተነጋገረች ነው፣ በግልጽ ይታያል፣ ትንሽ፣ ትንሽ ጨምር፣ በቃ፣ ጎማውም በቃ ሲባል ይበቃዋል፣ ይመለሳል፣ ይነክሳል፣ ሚና ትከሻዋን ጨምድዳ ትይዛለች፣ የሚያሽቀነጥረው አሁን ነው፣ አያሽቀነጥርም፣ ንክሻውን ጄዝሊን በጉልበቷ ትውጠዋለች፣ በዋልዶና በአለቱ መሃል ባለችው ክፍተት፣ ክፍተት ከተባለች፣ ሾልካ በሚና ጫማ ፊት በክንድ ርቀት ታልፋለች።

አላየቻትም። ሄልሜቱ ውስጥ ያለው ፊት ወደ ታች ነው፣ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ፣ እናቷ አለት ናት፣ እናቷ ያለፈ መንገድ ናት፣ ብታያት ኖሮ ወደ እሷ ነበር የምትመጣው፣ ዐይን የሄደበትን እግር ይከተላልና፣ ከአለቱ ጋር ነበር የምትለጠፈው። አላየቻትም፣ ደግ አደረገች።

ሚና፣ አለፉ? ማን ቀደመ?

ጄዝሊን። አላየችኝም እኮ ኤበን።

አይ፣ አትቀየሚያት፣ ይላል ጅሉ፣ በዚያ ፍጥነት ማን ማንን ያያል።

ልታስረዳው ቁልፉን ትጫንና ትተወዋለች፣ ታኒ ሶፊ ከኋላዋ ምን ሆነ ምን ሆነ ትላለች፣ የቀሩት ሁለቱም አልፈዋል፣ ሚና መንገዱ መሃል ወጥታለች፣ አስፋልቱ ላይ ጎልቶ የሚታይ ሁለት መስመር አለ፣ አንዱ ረጅም፣ ወደ ድርቆሹ እየተንከራተተ የቀጠነ፣ ሌላው አጭር፣ ወፍራም፣ ብርቱካናማ፣ የጄዝሊን ጎማ ቀለም፣ እንደ ማጭድ ጎብጦ ቀና ያለ፣ ሚና ጎንበስ ብላ መዳፏን ቀና ያለበት ቦታ ላይ ታሳርፋለች፣ ገና ይሞቃል።