የአክበረት ተራ

ሬዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ዶክተር ነው አሉ። የጎረቤት አገሮች ሁሉ አንድ ገንዘብ ቢኖራቸው ምን ምን እንደሚገኝ መዘርዘር ከጀመረ ቆየ። ንግዱ ይሳለጣል፣ ምንዛሬው ይቀራል፣ ነጋዴው ድንበር ላይ አይጉላላም። ይሁን፣ ደግ ነው። ግን ወሬው ሁሉ ስለ ነጋዴ ነው፤ ስለ ማኪያቶ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጋዜጠኛው ስልካችን ክፍት ነው ሲል ደሜ ፈላና ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ስሜን ጠየቀችኝ፣ አስካለ ነኝ ከፒያሳ አልኳት፣ መስመር ላይ ይጠብቁ አለችኝ። ይኸው እየጠበቅኩ ነው።

ለብቻው የሚኖር ሰው መጠበቅ አይቸግረውም። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቶቼ በየኮንዶሚኒየሙ ተበታተኑ፤ እኔ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ካልተነኩት ጥቂት ቤቶች አንዱ ውስጥ ቀረሁ። ባሌ ካረፈ ቆይቷል። ልጄ ጽዮን ሐዋሳ ነው ያገባችው፣ እሁድ እሁድ ትደውላለች። በሌላው ቀን የሚያናግረኝ ይሄ ሬዲዮ ነው፤ እኔም ዝም አልለውም፣ መልስ እሰጠዋለሁ። እንዲህ ጮክ ብዬ ስናገር የሚሰማኝ ቢኖር ለየላት ይለኝ ነበር። የሚሰማ ስለሌለ ግን እናገራለሁ።

አክበረት ጓደኛዬ ናት። ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሲንጀር ስንረግጥ ኖረናል። ከሥራ ስንወጣ ዳገቱን ወጥተን ፒያሳ ባንኮኒ ተደግፈን አንዳንድ ማኪያቶ ሳንጠጣ ቤታችን አንገባም። የምንከፍለው በተራ ነበር፤ ዛሬ እኔ፣ ነገ እሷ። ተራ ልዝለል ያለች ተሰድባ ትመለሳለች። ያኔ እዚህም አስመራም ገንዘቡ ብር ነበር። አስመራ ላለችው እናቷ የምትልከው ብርና ለማኪያቶ የምታወጣው ብር አንድ ነው፤ ይሄም ነገር ነው ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ኋላ አስመራዎቹ ናቅፋ የሚባል የራሳቸውን ገንዘብ አወጡ፣ ጦርነቱም መጣ፣ አክበረትም ወደ አስመራ ሄደች። ሃያ ዓመት ድምጿን አልሰማሁም።

የአስመራው አውሮፕላን እንደገና የተጀመረ ጊዜ ደወለች። ድምጿን ስሰማ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ባሏ አርፏል፣ ልጅ አልወለደችም። እመጣለሁ፣ ከተመቸኝ እዚያው እቀራለሁ አለችኝ። የጽዮንን ክፍል ቀለም አስቀባሁ፣ አዲስ አልጋ ገዛሁ፣ መጋረጃውን ራሴ ሰፋሁ። አብራኝ እንድታረጅ ነበር የፈለግኩት። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ጸጉሯ ነጭ ሆኖ መጣች። ሎቲዎቿ ግን እነዚያው ናቸው፣ ለሰርጓ እዚሁ ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብተን አብረን የመረጥናቸው። ኤርፖርት በር ላይ ተላቅሰን ስናበቃ ከሁሉ በፊት፣ መጨረሻ ላይ የከፈልሽው አንቺ ነሽ፣ ተራው የኔ ነው አለችኝ። ወይ አክበረት! ያን ሁሉ ዘመን ይዛው ኖራለች።

በማግስቱ አጠራቅማ ያመጣችውን ናቅፋ ይዘን ባንክ ገባን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ገንዘቡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ እማማ፣ ይሄን እኛ አንመነዝርም አለቻት፤ በትህትና ነው ያለችው። ሌላም ባንክ ሞከርን፣ መልሱ ያው ነው። አክበረት ገንዘቧን መልሳ በመሀረቧ ስትቋጥር አንጀቴን በላችው። ኤዲያ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ ብዬ እጇን ጎትቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ማንም የአገሬ ሰው ይሠራዋል። ታክሲ ላይ ገና ሳንቀመጥ ለረዳቱ የሁለት ሰው ሂሳብ እሰጣለሁ። ማኪያቶ ቤት እሷ ከበሩ ሳታልፍ እኔ ካሸሯ ጋ ደርሻለሁ። ጫማ ገዛሁላት፣ ሹራብ ገዛሁላት፣ ያየችውን ሁሉ ገዛሁላት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ይብቃሽ አስኩ ስትለኝ፣ ዝም በይ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ እላታለሁ። ያቺ ስቃ የማትጠግብ ሴት ቀስ በቀስ ጨዋታ ቀነሰች። አየሩ ይሆናል አልኩ። የባሏ ሐዘን ይሆናል አልኩ።

አንድ እሁድ አራዳ ጊዮርጊስ ሄድን። ሁለት ጧፍ ገዝቼ አንዱን አቀበልኳት። ይዛው ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ አጠገቧ ለነበሩ አሮጊት ሰጠቻቸው። ምነው ብላት፣ የኔ አይደለም እኮ አስኩ፣ ምን ብዬ አበራዋለሁ አለችኝ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። የእሁድ ነገር ነው፣ ሆድ ብሷት ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ወጣች። እሷ ለብቻዋ ወጥታ ስለማታውቅ በር በሩን ሳይ ቆየሁ። ተመልሳ ሳትቀመጥ፣ ተነሽ፣ ማኪያቶ ልጋብዝሽ አለችኝ። ከየት አምጥተሽ ልላት ቀና ስል ጆሮዋን አየሁት። ባዶ ነው። ሎቲዎቹ የሉም።

መንገዱን ሁሉ ስትስቅ ሄደች፤ እኔ ጆሮዋን ጆሮዋን አያለሁ። ከጥንቱ ባንኮኒ ፊት ቆምን። ማኪያቶ አዘዘች፣ ኬክ ጨመረች፣ ወተቱ ይብዛ፣ ቡናው ይጥቆር እያለች አስተናጋጇን አሾረቻት። ሂሳቡ ሲመጣ እጄ እንደ ልማዱ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ። አንጓዬን ያዘችኝ።

«ተይ አስኩ» አለች። «ይሄን ሃያ ዓመት ጠብቄዋለሁ።»

ከፈለች። ለአስተናጋጇ ጉርሻ ተወችላት፣ መልሷንም ሳትቆጥር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ደጅ ስንወጣ ሐሙስ ወደ አስመራ እንደምትመለስ ነገረችኝ። ለመንኳት። ክፍሉን ጠራሁ፣ አልጋውን ጠራሁ፣ ጎረቤቶቼን ሁሉ ምስክር ጠራሁ። ምን አጎደልኩብሽ ብዬ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

«ምንም አላጎደልሽም» አለችኝ። «እዚያ ያለኝ ትንሽ ነው። ግን ጎረቤቴ ስትመጣ ሻይ የማፈላላት እኔ ነኝ። እዚህ እስክሞት እንግዳ ልሆን ነው?»



በማግስቱ ወርቅ ቤቶቹን በየመስኮቱ እያየሁ ሄድኩ። ሎቲዎቹ ሱሀይብ ሱቅ ውስጥ ነበሩ። ሱሀይብ ከአባቱ ጀምሮ ያውቀኛል፤ የማን እንደሆኑ ሳልነግረው ገባው። ገና የወጣልኝን ዕቁብ ዘረገፍኩለትና በትንሽ ቀይ ሳጥን አድርጎ ሰጠኝ። ሐሙስ ኤርፖርት ስንሰናበት እሰጣታለሁ፣ ታለቅሳለች፣ ምናልባትም ሻንጣዋን ይዛ ከኔ ጋር ትመለሳለች ብዬ አስቤ ነበር። እውነት አስቤ ነበር።

ተቃቀፍን። ባዶ ጆሮዋ ጉንጬ ላይ ነበር። እጄ ቦርሳዬን ከፍቶ ሳጥኑን ያዘው። ያኔ ነው ያቺ ማኪያቶ ትዝ ያለችኝ። ሎቲውን ብሰጣት ማኪያቶዋን መልሼ መክፈሌ ነው፤ ያን ቀን ባንኮኒው ፊት ቀጥ ብላ የቆመችውን ሴት መልሼ እንግዳ ላደርጋት ነው። ሳጥኑን እዚያው ቦርሳዬ ውስጥ ለቀቅኩት። አንዴ ጋብዛኛለች፣ ጋብዛኝ ትሂድ አልኩ።

«እንግዲህ ተራው ያንቺ ነው» አለችኝና እየሳቀች ገባች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆነ። አውሮፕላኑ ቆመ። የአክበረት ስልክም መጀመሪያ አንዳንዴ ይጠራ ነበር፣ ኋላ መጥራት ተወ። እኔም ፒያሳ ስወጣ ማኪያቶ አላዝም፤ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ለብቻ ማኪያቶ አይወርድልኝም።

ሄሎ፣ ሄሎ፣ እማማ አስካለ፣ አየር ላይ ነዎት እያለኝ ነው ጋዜጠኛው። ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር! ስለ ሰው ክብር ልናገር፣ ዶክተሩንም ትንሽ ልወርፈው ነበር። ሁሉም ጠፋብኝ።

«ይሄ አንድ ገንዘብ መቼ ነው የሚጀመረው?» አልኩ።

ጋዜጠኛው ሳቅ ብሎ ጥያቄዬን ለዶክተሩ አሳለፈው። ዶክተሩ ጨዋ ሰው ነው፣ አልሳቀብኝም። ገና ሐሳብ እንደሆነ፣ ብዙ ጥናትና ብዙ ስምምነት እንደሚፈልግ አስረዳኝ። ሁሉም ነገር ከተሳካ ምናልባት ሃያ ዓመት ቢፈጅ ነው እናቴ አለኝ። አመስግኜ ዘጋሁ፣ ሬዲዮውንም ዘጋሁት።

እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አክበረት በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ተራው ደግሞ የኔ ነው።