አልወጣ ያለው ኢሜይል

የይርጋለም ልጅ ንጋት ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ ትንሽ ከሮጠች ከንፈሯ ይጠቁራል። የልብ ሕመም ነው ተብሏል። በ2002 ዓ.ም. ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ሕፃናትን በነፃ ሊያክሙ መሆኑን ይርጋለም ሲሰማ፣ የምርመራ ውጤቷን በኢሜይል ለመላክ አሰናዳ። ቢቸና ውስጥ የአንድ የውኃ ፕሮጀክት ሠራተኛ ነው። ከድርጅት አድራሻ ካልተላከ አንቀበልም ተብሏል፤ ምዝገባው ደግሞ የሚዘጋው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

ኢሜይሉ አልወጣ አለ።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ የቢሮው ኮምፒውተር ኢሜይል መቀበሉን አላቋረጠም ነበር። የስብሰባ ጥሪ ይገባል፣ የማይረባው ሁሉ ይገባል። መላክ ላይ ሲደርስ ግን ንፉግ ሆነ። ድርጅቱ በቅርቡ ሰርቨሩን፣ ማለት ኢሜይል የሚያመላልሰውን ዋና ኮምፒውተር፣ ቀይሮ ኖሮ፣ አዲሱ ሰርቨር ላኪው ማን እንደሆነ በስምና በይለፍ ቃል ካላረጋገጠ አንዲት ፊደል አያሳልፍም። ይርጋለም ይህን ከየት ይወቅ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ ያገኘውን ሁሉ ነካካ። በጥቁር ነጠብጣብ ተሸፍኖ የተቀመጠውን የይለፍ ቃል አጠፋና በግምት ሌላ ጻፈበት። ይባስ ብሎ መቀበሉም ቀረ።

ቃሉን የሚያውቀው ሞጣ ቅርንጫፍ ያለው የኮምፒውተር ባለሙያ ሣህለ ማርያም ብቻ ነው። ስልኩ ዝግ ነው። ወደ ቢሮው ቢደውል ገንዘብ ያዧ አገሬ አነሳች። ጊዜው ፍልሰታ ነውና ሰውየው ዝግ ሱባኤ ገብቷል፣ ከማንም ጋር አይነጋገርም አለችው። ካገባ ስንት ዓመቱ፣ ልጅ አላገኘም። ሱባኤውን ቃል ሳልተነፍስ ከፈጸምኩ እመቤቴ ልጅ ትሰጠኛለች ብሎ ተስሏል።

የሰው ስለት ማስፈረስ ነውር መሆኑን ቢቸና ተወልዶ የማያውቅ የለም። ያውም ልጅ ለተራበ ሰው! ይርጋለም አፈረ፣ ራሱን ጠላ፣ ግን ለመናት። አገሬም አላስቻላትም፤ ስልኳን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄደች፤ ከዚያ ደወለችለትና ለሱባኤተኞቹ አባት ሰጠቻቸው።

«ልጄ፣» አሉት አባ፣ «እሱ ለእኔም አይናገርም። እንዴት ብዬ ልጥራው?»

«አባ፣ ልጄ ትሞትብኛለች።»

የአባ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ በር ተንኳኳ። ይርጋለም ሰዓቱን ማየት ፈራ። ሱባኤተኛው ጆሮውን ይደፍን ይሆናል፤ ቢደፍንስ ማን ይፈርድበታል?

«ይርጋለም፣» አለ አንድ የሻከረ ድምፅ።

ሣህለ ማርያም ነበር። ስለ ስለቱ አንድም ነገር አላነሳም። የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል እየለየ ነገረው። ቀጥሎም፣ ለመላክ ማረጋገጫ ይፈልጋል የሚለው ቦታ ላይ ምልክት እንዲያደርግ፣ ያ ካልሆነ ቃሉ ብቻውን እንደማይረባ አስረዳው። ይርጋለም አንዴ ተሳሳተ፣ እንደገና ጻፈ። ኢሜይሉ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ መልስ ገባ፤ ደርሶናል፣ ልጅቷን ይዘህ ና ይላል።

ይርጋለም ተንሰቀሰቀ። ስለትህን አፈረስኩብህ፣ ልጅህን ቀማሁህ፣ ይቅር በለኝ አለው።

ሣህለ ማርያም ግን ስለ ንጋት ጠየቀ።

«የክርስትና ስሟን ንገረኝ።»

«ወለተ ማርያም።»

«እንግዲህ ሱባኤውን ከዛሬ እንደገና እጀምራለሁ። በጸሎቴ አስቀድሜ እሷን እጠራለሁ፤ ከፍልሰታው ቀን ከተረፈኝ ስለ ራሴ እለምናለሁ።»