ሦስት ኳስ በቀዩ ቅርጫት

እኔ ቶሎ ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ ታናሽ እህቴ ሚጢጢ ደግሞ እግሯን ረግጠዋት ይቅርታ የምትጠይቀው እሷው ናት። ለዚህ ይመስለኛል በትምህርት ቤታችን የሮቦት ቡድን ውስጥ እኔ ነጂ፣ እሷ ፕሮግራም ጸሐፊ የሆንነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሁለት ቡድኖች ተጣምረው ቀይ ይሆናሉ፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ ሰማያዊ። ሮቦቶቹ ሁሉ ከመሃል መስመር ይነሱና በየወገናቸው ቅርጫት ውስጥ ኳስ ይጨምራሉ። ማንም ያስገባው፣ ነጥቡ የቅርጫቱ ባለቤት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ግን መቆጣጠሪያ መንካት ክልክል ነው፤ ሮቦቱ የተጻፈለትን ይዞ ብቻውን ይሠራል። ማጣሪያው ሲያልቅ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ቡድኖች ለፍጻሜው አጋር ይመርጣሉ። ያልተመረጠ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ነው።

ሚጢጢ ለእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ዓመቱን ሙሉ ስትለፋ ከረመች። እናታችን እራት ልታቀርብ ስትል ሮቦቱን ከጠረጴዛው ላይ የምታስነሳን በልመና ነበር። «ዘንድሮም ካልተመረጥን እተወዋለሁ» አለችኝ ሚጢጢ። እሷ አንዴ ካለች አለች ነው።

በመጨረሻው ማጣሪያ ሰማያዊ ነበርን። ሚጢጢ ግን ከቀደመው ጨዋታ የቀረውን የቀይ ፕሮግራም ሳትቀይር አስነሳችው። ፊሽካ ሲነፋ ሮቦታችን በኩራት ወደ ቀዩ ቅርጫት ታጠፈና ሦስቱንም ኳሶች አንድ በአንድ ለባላጋራዎቻችን አስገባላቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መቆጣጠሪያውን ታቅፌ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልችልም።

ተሸነፍን። ልጮህባት ስዞር ከዕቃ ሳጥናችን ጀርባ ተቀምጣለች።

«ቀለሙን ሳልቀይረው» አለች።

«አይቻለሁ» አልኳትና ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ዕቃ መሸከፍ ጀመርኩ።

አጋር መምረጫው ደረሰ። ቅድም ያሸነፈን የቀዩ ቡድን አምበል፣ መነጽር ያደረገች ረጅም ልጅ፣ ማይክ ተቀብላ ወደ እኛ ጠቆመች። አዳራሹ እንደገና ሳቀ።

«አሁንስ አበዛችሁት» አልኳት፤ የምታሾፍብን መስሎኝ ነበር።

«እየቀለድኩ አይደለም» አለች። «የእኛ ሮቦት ብቻውን ሲሆን ሁሌም አንድ ኳስ ይስታል። የእናንተው ግን ቅርጫታችን አጠገብ ቆሜ ሳይ አንድም አልሳተም። ማናችሁ ናችሁ የጻፋችሁት?»

ሚጢጢ ከሳጥኑ ጀርባ እጇን ብቻ አወጣች።

«አንቺ ጻፊ፤ ቀለሙን እኔ አይልሻለሁ» አለቻት አምበሏ።

ቃሏንም ጠበቀች። በፍጻሜው ከእያንዳንዱ ፊሽካ በፊት ጎንበስ ብላ «ቀለም?» ትላታለች፤ ሚጢጢም ስክሪኑን አይታ ትመልስላታለች። ሁለተኛ ወጣን።

ያቺን ልጅ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው በእህቴ ሲስቅ፣ እኔም ልጮህባት ስዞር፣ እሷ ግን ኳሶቹን ነበር የምታየው።

ቤት እንደገባን ሚጢጢ ሮቦቱን ጠረጴዛው ላይ ጎለተችው። እናታችን እራት ይዛ መጣች፣ አየችውና ሳህኖቹን ወንበር ላይ ደረደረች።