ቀኝ እጅህን አንሳ

ማክሰኞ ጠዋት በሲቲ ስካን ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙ፣ ነርሷና እኔ ነበርን። ታላቅ እህቴ ጫማዬን ታቅፋ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ሳንባዬ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ታይታለች፤ ምንነቷ እንዲታወቅ በመርፌ ከእሷ ቅንጣት ሊወሰድ ነው። በጀርባዬ አስተኙኝ። ግራ እጄን ከራሴ በላይ አድርገው በቀበቶ አሰሩት፤ ቀኙን ነጻ ተዉልኝ። ሐኪሙ መርፌው ከገባ በኋላ መናገርም ማሳልም እንደማይፈቀድ አስረዳኝ። የሚሰማኝ ነገር ካለ ቀኝ እጄን ላንሳ፤ እነሱ ከጎን ካለው ክፍል በመስታወቱ ያዩኛል። ነርሷ፣ ሰው ዝም በል ሲባል ነው ጉሮሮውን የሚበላው ብላ ሳቀች።

እህቴ አንገቷን በበሩ አስግጋ፣ «ለእሱ እንኳ አታስቢ፤ ከተወለደ ጀምሮ ሲለማመድ ነው የኖረው» አለቻት።

የምተዳደረው በዚያው በቀኝ እጄ ነው። የሱቅ ሰሌዳ እጽፋለሁ። ለአንድ ልብስ ሰፊ የጀመርኩት ሰሌዳ ግማሹ ቀርቶት ቤት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

መርፌው ገባ። ፎቶ ለማንሳት ሁለቱም ወጡ፤ ከባዱ በር ተዘጋ። ማሽኑ ሲያጉረመርም እኔና መርፌው ብቻ ቀረን። ክፍል እንዲህ ባዶ ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ድንገት ጣቶቼ ቀዘቀዙ። የታዘዝኩትን አደረግሁ፤ ቀኝ እጄን አነሳሁ። ዓይኔን ወደ ታች ብልክ ግን እጄ እንደ ተጣለ ጓንት አንሶላው ላይ ተኝቷል። ደግሜ ሞከርኩ። አልተነሳም። ከመስታወቱ ወዲያ ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ አቀርቅሯል። ብናገር መርፌው ሳንባዬን ይቀደዋል፤ ዝም ብል እጄ መሄዱ ነው።

«እትዬ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «እትዬ፣ እጄ።»

ነርሷ በማይክሮፎኑ ሰምታኝ ሮጠው ገቡ። መርፌውን አወጡ፤ ኦክስጅን አደረጉልኝ። ሐኪሙ፣ በመርፌው በኩል አየር ደሜ ውስጥ ገብቶ ወደ አንጎሌ ሄዷል፣ እምብዛም የማያጋጥም ነገር ነው አለ። ራሴን ቀና እንዳላደርግ ከለከለኝ። መጣራቴን ከነርሷ ሰምታ ተከትላቸው የገባችው እህቴ ትራስ ልታደርግልኝ ስትል ነርሷ እጇን ያዘቻት። ስለዚህ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ፊቷን ከፊቴ ጋር አስተካከለች።

«ዕድሜህን ሙሉ ዝም ብለህ ዛሬ ጠራኸኝ» አለች።

እንደተኛሁ ወደ ሕሙማን ክፍል ወሰዱኝ። የጥየቃ ሰዓት ሲያበቃ አስወጧት፤ ኮርኒሱን እያየሁ ቀረሁ።

ክንዴ በዚያው ቀን ተመለሰ። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ግን ብሩሽ አልይዝ አሉ። ነጥቧ በኋላ በሌላ ምርመራ የድሮ ጠባሳ ናት ተባለ። የልብስ ሰፊውን ሰሌዳ ሌላ ሰው ጨረሰው።