የበሩ ወፍ

ኦሪን ታልኮት ጢሙን የተላጨው ለሚስቱ ሲል ነበር። በዚያ በሰዓት ፋብሪካዎች በተሞላ የኮኔቲከት ሸለቆ፣ በዚያ ዘመን፣ ጢም የሌለው ጎልማሳ ከታየ ወይ የቲያትር ሰው ነው ወይ ገና ትናንት ከወህኒ የወጣ ነው ይባል ነበር። ኦሪን ከሁለቱም አልነበረም። የሰዓት ጥርሶች ሲሞርድ የሚውል ጸጥተኛ ሠራተኛ ነበር።

ሚስቱ ቲርዛ በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ቀይ ትኩሳት ያዛት። ከሞት ተርፋ ስትነሣ ጆሮዋ አብሯት አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ የምትሰማው በዓይኗ ነው፤ የሰውን ከንፈር እያየች። አንድ ቀን እራት ላይ፣ «ግማሹ ወሬህ እኮ እዚያ ጢምህ ውስጥ ነው የሚቀረው» አለችው። በማግሥቱ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄዶ ሙልጭ አድርጎ አስወረደው።

እየቆየ ድምፁንም ተወው። እቤት ውስጥ ድምፅ ለማን ይሆናል? ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ የፋብሪካውን ሐሜት፣ የአለቃውን ቁጣ፣ የጓደኛውን የአሳሄልን ቀልድ ያወራላታል፤ እሷ ትስቃለች። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ከዚያ ቤት የሚሰማው የአንዲት ሴት ሳቅ ብቻ ነበር።

ባለፈው የበረዶ ወራት ቲርዛ በሳንባ ምች ሞተች። ልማዱ ግን እሱ ላይ ቀረ። ከሰው ጋር ሲያወራ በመሀል ድምፁ ይጠፋበታል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል አይወጣም። ስለ እሷ ሲናገርማ ሁልጊዜ ነው።

ቲርዛ ትታለት የሄደችው አንዲት የቆርቆሮ ወፍ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲርዛ ቤት ሆና የሰዓቶች ፊት ላይ አበባ ትሥል ነበር፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ከመብራቱ ሥር። ኦሪን ከሥራ ገብቶ ትከሻዋን ሲነካት ትበረግጋለች፤ ብሩሹ ያመልጣትና አበባው ላይ ጥቁር መስመር ይጋደማል።

«እንደ ሌባ አትግባብኝ አላልኩህም!»

«አንኳኩቼ ነበር እኮ።»

«ለማን?» ትለዋለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ድንጋጤው ግን አይቀርላትም ነበር።

ስታስብ ስታስብ ከርማ አንድ ቀን ሥዕል ነድፋ ሰጠችው። ከበሩ ክር ይነሣል፤ በጣሪያው ሥር ተስቦ መብራቱ ካለበት መደርደሪያ ይደርሳል። በሩ ሲከፈት ክሩ ትንሽ ሽቦ ይነቅላል፣ ሽቦው ሲነቀል ወፏ ክንፏን ዘርግታ በመብራቱ ፊት ትወርዳለች። ጥላዋ ይመጣል። ኦሪን ቆርቆሮውን ቆርጦ ሠራላት፤ እሷ ግን ክንፉን ደጋግማ አስቀየረችው።

«ጥላው መጀመሪያ እጄ ላይ ይድረስ፤ ቀስ ብሎ ከዚያ ወደ ግድግዳው ይውጣ። በአንድ ጊዜ ዱብ ካለማ ካንተ በምን ተሻለ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቲርዛ በርግጋ አታውቅም። ኦሪን በሩን ከፍቶ ሲገባ ሁልጊዜ የሚያገኘው ወደ እሱ የዞረ ፊቷን ነበር። ሰፈሩም ለመደው። ያንን ቤት የሚያንኳኳ የለም፤ ዝም ብለው ከፍተው ይገባሉ፣ ወፏ ትናገራለች። «እንደኔ ያሉ ሴቶች አሉ፤ እነሱም አይደንግጡ። ፓተንት እናውጣለት» ትል ነበር ቲርዛ። በዚያ ሸለቆ ፓተንት ማውጣት እንደ ድንች መትከል ነው፤ ስሙ በመንግሥት ማኅተም ከአንዳች ፈጠራ ጋር ያልታተመለት ሰው በፀጉር አስተካካዩ ቤት አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀመጠው። አሳሄል እንኳ ሾርባ ሲጠጣ ጢሙን የሚጠብቅለት ማንጠልጠያ ፈልስፎ ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ እዚያ ሰቅሎታል። ማንጠልጠያውን የገዛ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ስለዚህ ኦሪን፣ ቲርዛን በቀበረበት ዓመት በጋው ሲያልቅ፣ ወፏን በጨርቅ ጠቅልሎ የፓተንት ወኪሉ ሚስተር ቢርድስሊ ዘንድ ሄደ። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ስሟ እንዲታተም።

«መልካም» አሉ ወኪሉ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «ማነው ያመጣው ሐሳቡን?»

«ቲርዛ ናት። ሚስቴ» አለ ኦሪን።

ከንፈሩ እንጂ ድምፁ አላለም። ወኪሉ ደግሞ ዓይናቸው ብዕራቸው ላይ ነበር።

«ምን አሉ?»

«ቆርቆሮውን ቆርጬ የሠራሁት እኔ ነኝ።» ይኸኛው ድምፅ ነበረው።

«ጎበዝ!» አሉና ጻፉ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ኦሪን እንዲፈርም ተጠራ። የተዘጋጀው ወረቀት፣ እኔ ኦሪን ታልኮት የዚህ ሥራ የመጀመሪያውና እውነተኛው ፈጣሪ እንደሆንኩ በመሐላ አረጋግጣለሁ ይላል። አነበበው። እንደገና አነበበው።

«ይሄ ስሕተት ነው» አለ፤ አሁን ድምፁ ወጣ። «ወፏ የሷ ናት። ነግሬዎት ነበር።»

«እኔ አልሰማሁም። ደግሞስ የባልና የሚስት ነገር አይደለም እንዴ? ማን ይጠይቅዎታል?»

«እኔ።»

ወኪሉ ክፉ ሰው አልነበሩም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ይሁን። ከአባቷ በወረሰችው መሬት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ የንብረቷ አስተዳዳሪ አድርጎ ሾሞዎታል አይደል? ያ ይበቃል። በርሷ ስም እናደርገዋለን።» ሌላ ወረቀት ስበው ከላዩ ጻፉና አዞሩለት፦ ኦሪን ታልኮት፣ የሟች ቲርዛ ታልኮት አስተዳዳሪ።

የኦሪን ዓይን «የሟች» ከሚለው ቃል ላይ ቆመ። መቃብሯ ላይ ያስቀረጸው ስሟን ብቻ ነበር፤ ድንጋይ ጠራቢው ሌላ ነገር ይጨመር እንደሆነ ሲጠይቀው ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ለሰው ሲናገርም «ቲርዛ እያለች» ይላል እንጂ ያንን ሌላውን ቃል ከአፉ አውጥቶት አያውቅም።

«ይህቺን... ይህቺን አንዷን ቃል መተው አይቻልም?»

«የሞተ ሰው አይፈርምም ሚስተር ታልኮት። ወይ እርስዎ ፈጣሪው ይሁኑና ቃሉ አይግባ። ወይ እሷ ትሁንና ቃሉ ይግባ። ሦስተኛ መንገድ የለም።» ሁለቱንም ወረቀት ሰጡት። «አስበው አንዱን ያምጡልኝ። ሥዕሉ ላይ ደግሞ ሁለት ምስክር ያስፈርሙ፤ ወፏ ሥራዋን ስትሠራ በዓይናቸው ያዩ ይሁኑ።»

ሁለት ምስክር። ኦሪን ወደ ቤቱ ሲሄድ ቁልቁለቱን ሙሉ ይህን ነበር የሚያስበው። ከቀብሩ በኋላ በነበረው ሳምንት ሰፈሩ ምግብ ይዞ ተመላልሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን በር የከፈተው እሱ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ፋብሪካ ውስጥ፣ አጠገቡ ወደሚሠራው አሳሄል ዞረ።

«ምን?» አለ አሳሄል። «እንደ ዓሣ አፍህን ከፍተህ ዘጋኸው እኮ። ድምፅ ጨምርበት!»

«ቅዳሜ ቤት ና። አክስቴ ኬዝያንም አምጣት። የቲርዛ ወፍ ምስክር ትፈልጋለች።»

አሳሄል ሞረዱን አስቀመጠ። ለአንድ አፍታ የሚቀልደው አጣ። ቶሎ ግን አገኘ፦ «እመጣለሁ። ግን ያንን ጢም አሁን አሳድገው አንተ ሰውዬ። ባለ ፓተንት ሆነህ እንዲህ ተላጭተህ ብትዞር ያሳፍረናል።»

«ይኸው ይሻለኛል» አለ ኦሪን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የኅዳር ሰማይ ገና በጊዜ ሲጠቁር፣ ኦሪን መብራቱን ለኩሶ ተቀመጠ። ከበሩ ውጪ የእግር ኮቴ ሰማ። ኮቴው ቆመ። ሹክሹክታ ተከተለ።

«አንኳኳ እንጂ» ትላለች አክስቴ ኬዝያ፤ ሰፈሩ ሁሉ አክስቴ የሚላት የጎረቤቱ አሮጊት ናት፤ ቲርዛን ያስታመመች።

«ይሄ ቤት ተንኳኩቶ ያውቃል?»

«ታዲያ እሷ በሌለችበት እንደ ድሮው ዘው ልንል ነው? ነውር አይደለም?»

«ታዲያ አንኳኪ።»

«እኔማ እጄን አነሣለሁ፣ እምቢ ይለኛል። ስንቴ ሾርባ ይዤ መጥቼ ከዚህ ተመልሻለሁ መሰለህ!»

ኦሪን ተነሥቶ በሩን ከፈተላቸው። አክስቴ ኬዝያ የፖም ኬክ ይዛ ቆማለች፤ አሳሄል ባርኔጣውን ይዞ።

«ሰምተኸናል መሰለኝ» አለች።

«እኔ እኮ ጆሮ አለኝ አክስቴ» አለ ኦሪን። አሳሄል ሳቀ፤ ኋላ መሳቁ አሳፈረው።

ገቡ። ወፏ ከኋላው ወድቃ ነበር፤ ኦሪን አነሣትና ሽቦዋን መልሶ ሰካ። ሥዕሉንና ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነገሩን አስረዳቸው፦ ምስክሮቹ ወፏ ሥራዋን ስትሠራ ማየት አለባቸው።

«እሱማ ስንቴ አይተን» አለ አሳሄል።

«መቼ? ስትወድቅ?»

አሳሄል አሰበ። «ስገባ... ወድቃ ነው የማገኛት።»

«እኔም» አለች አክስቴ ኬዝያ። «እሷ ስትታመም ክሩን ፈትተነው ነበር። በደህናው ጊዜ ሁሌም በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ።»

ሁለቱም ኦሪንን አዩት። በገዛ እጁ ሠርቷት፣ ይህን ሁሉ ዓመት አብሯት ኖሮ፣ እሱም በሩን የሚከፍተው ሰውዬ ነበር። ወፏ ስትወርድ ያየች ሴት አንዲት ብቻ ናት።

ኦሪን ለምድጃው እንጨት ሊያመጣ በጓሮ በር ወጣና ዞሮ የፊቱን በር ከፍቶ ገባ። ሁለቱ መደርደሪያው ሥር ቆመው ነበር። «አየናት!» አለ አሳሄል። «ጉድ ናት!» አክስቴ ኬዝያ አፏን በሻሿ ሸፍናለች።

«አንተስ?» አለች ቆይታ። «ተቀመጥ። አሳሄል ይከፍታል።»

ኦሪን ወፏን ወደ ቦታዋ መልሶ ወደ ቲርዛ ወንበር ሄደ። ከሄደች ወዲህ አልተቀመጠበትም። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አሳሄልም በጓሮው በር ወጣ። ቀልደኛ አይደል፤ ውጪ ትንሽ አቆየው።

ኦሪን ግድግዳውን እያየ ጠበቀ። ሆን ብሎ መስማቱን ተወ። ቲርዛ ምንም ሳትሰማ፣ መምጣቱን ከምንም ነገር ሳታውቅ፣ በየምሽቱ እዚህ ተቀምጣለች። ከዚያ ጥላው መጣ። መጀመሪያ ጣቶቹ ላይ ደረሰ፤ እንደ ቀጭን ጨርቅ እጁን አለበሰው፤ ቀስ ብሎ ጠረጴዛውን ተሻገረና ክንፉን ዘርግቶ በግድግዳው ላይ ወጣ። አላስደነገጠውም። ኦሪን ዞረ።

አሳሄል ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ አልገባም።

«ምነው እንዲህ አየኸኝ?»

«እንዴት?»

«እንጃ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚህ ያየኝ ሰው የለም።» ባርኔጣውን አዞረ። «ከዚያ እኔ መሆኔን አየህና ፊትህ ወደቀ።»

አክስቴ ኬዝያ በሩን ዘግታ ወፏን ወደ ቦታዋ መለሰች።

ኦሪን በስሙ የተጻፈውን ወረቀት አንሥቶ ምድጃው ውስጥ ጨመረው። ሌላውን ወደ መብራቱ አስጠጋ። ምስክሮች የሚፈርሙበትን መስማት አለባቸው፤ ስለዚህ ማንበብ ጀመረ። ስሙን አነበበ። ከዚያ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«አልሰማሁም ልጄ» አለች አክስቴ ኬዝያ።

እንደገና ሞከረ። አፉ ቃሉን ይሠራዋል፤ ጉሮሮው አይሰጠውም። አሮጊቷ እጇን ክንዱ ላይ አደረገች። «ድምፅ ስጠው» አለችው በቀስታ።

«የሟች» አለ ኦሪን። ድምፁ ለራሱ እንግዳ ሆነበት፤ በዚያ ቤት ያን ያህል ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። «የሟች ቲርዛ ታልኮት አስተዳዳሪ። የዚህ ሥራ የመጀመሪያዋና እውነተኛዋ ፈጣሪ...» እስከ መጨረሻው አነበበው። ፈረመ። አሳሄል ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ፈረመ፤ አክስቴ ኬዝያም ስሟን ጻፈች።

ኬኩን በሉ። አሳሄል ቲርዛ በጢሙ ማንጠልጠያ ላይ የተናገረችውን ሁሉ አንድ በአንድ ደገመ፤ ኦሪን ሁለት ጊዜ ሳቀ፤ በድምፅ። ከዚያ መሸና ተነሡ። አክስቴ ኬዝያ ሳሕኑን ተወችለት። «መጥቼ እወስደዋለሁ» አለች። መቼ እንደሆነ አልተናገረችም።

ኦሪን ከቲርዛ ወንበር ሳይነሣ ሸኛቸው። በሩን ከፍተው ወጡ። ጥላው በእጁ ላይ አለፈ፣ ግድግዳውን ወጣ፣ ቆመ። በሩ ተዘጋ።

ኦሪን ወፏን እያየ ቀረ። ሲወጡም ትወድቃለች። ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። በየማለዳው ወደ ፋብሪካ ሲሄድ በሩን ከፍቶ የሚወጣው እሱ ነው፤ ወደ ኋላ አይቶ አያውቅም። ከኋላው ወፏ ወድቃለች ማለት ነው። ቲርዛ ደግሞ ብሩሿን አስቀምጣ ተነሥታለች፤ በየማለዳው፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሥራዋ ወፏን ለሱ መምጫ መልሶ መስቀል ነበር።

ተነሣ። ቆርቆሮው ቀዝቅዟል። ወፏን ወደ ላይ መለሳትና ሽቦዋን ሰካላት፤ ከዚያ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ።