የቂም ቀለም

ኮንትራክተሩ ጣቱን ከካርታው ላይ አላነሳም። የግድግዳውን እኩሌታ በሸፈነው የመሬት መንሸራተት ካርታ ላይ ተዳፋቱ በቀይ፣ ከሥሩ ያለው ሰፈር በቢጫ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሜዳ በአረንጓዴ ተቀብቷል። እሱ ግን የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በገዛ እጁ የሠራው ቤት፣ የስንዴ ቅንጣት አክሎ፣ ከቀዩ መካከል።

«ይህ የአደጋ ቀለም አይደለም» አለ ወደ ካርታ ቢሮው ኃላፊ ዞሮ። «የቂም ቀለም ነው። ስንፋታ ያልወጣላትን እዚህ ቁጭ ብላ እየቀባችው ነው።»

ካርታ ሠሪዋ መስኮቱ ሥር ቆማ ጣቱን ተመለከተችው። ጥፍሩ ሥር ሲሚንቶ ደርቋል። አብረው በኖሩባቸው ዓመታት ይህ ጣት ወደ ሰማይ ተቀስሮ «አይዘንብም» ባለ ቁጥር በስብሰው ገብተዋል፤ ወደ ጫካ ተቀስሮ «በዚህ ያቋርጣል» ባለ ቁጥር ገደል አፋፍ ላይ ደርሰዋል። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የሰማዩና የመንገዱ ነበር። ዛሬ ደግሞ የካርታው ሆነ።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። ውሳኔ ፊቱ በመጣ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ጠርጎ እስኪጨርስ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ይወስንለታል።

«ተሳሳትሽ ያለሽ የለም» አላት። «ሥራሽን እናውቃለን። ግን ሰው ያወራል። የቀድሞ ሚስት፣ የቀድሞ ባል... አያምርም። ያንን ተዳፋት ሌላ ሰው ቢያየው ለአንቺም እፎይታ ነው።»

«ሳተላይቱ እኮ ማን ከማን እንደተፋታ አያውቅም» አለች።

«አዩልኝ?» አለ ኮንትራክተሩ። «አነጋገሯን አዩልኝ? ቤቴም እንዲህ ነበረች።»

ኃላፊው በመስታወቱ ማዶ ኮምፒውተሩ ላይ ወዳጎነበሰው ጎልማሳ ባልደረባዋ በአገጩ አመለከተ። ቢሮው በሙሉ ይህን ሰው «ይሁንልዎ» ይለዋል። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም መኖሩን የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር።

ወደ ወንበሯ ስትመለስ ይሁንልዎ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ስክሪኑ ከተቀመጠችበት በግልጽ ይታያታል። የቀዩን መስመር ጫፍ በማውሱ ይዞ ወደ ላይ ጎተተው። መስመሩ እስከዚያ ድረስ የመሬቱን ተዳፋትነት፣ የአፈሩን ዓይነት፣ ክረምት ከክረምት ውሃው የሚሄድበትን ቦይ ተከትሎ የመጣ ነው። ቤቱ ጋ ሲደርስ ግን፣ ኩሬ ላለመርገጥ ልብሱን ሰብስቦ እንደሚዞር ሰው፣ እጥፍ ብሎ አለፈ።

«ትንሽ ማስተካከያ ናት» አላት ዞር ብሎ። «ቅር እንዳይልሽ።»

«የመሬቱን ስንጥቆች ፎቶ አየኸው?»

«አየሁት።»

«የዘንድሮውን ዝናብስ?»

«እሱንም አየሁት» አለ፤ ዓይኑን ግን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

ለዚህ ሰው ንቀት ራሱ ይበዛበታል ስትል አሰበች። ኮንትራክተሩን መናቅ ቢያንስ ድካም አለው፤ ሰውዬው ይጮኻል፣ ይዋሻል፣ ያስባል። ይሁንልዎ ግን ውሃ ነው፤ ወዳዘነበሉት ይፈስሳል።

እንግዲያው ኮንትራክተሩ ይተኛበት፣ አለች በሆዷ። ካርታው የእሷን ስም አይዝም። እሱም ቀዩ ከተነሳለት ቤቱ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ያንኮራፋ። ሐሳቡ ጣፈጣት፤ ጣዕሙንም ታውቀው ነበር። መጀመሪያ ስሌቱ አልቆ ቀዩ ቀለም ያንን ጣራ ሲሸፍነው ደስ ብሏት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም። በደስታዋ ስለደነገጠች ሥራውን እንደ አዲስ ከሥሩ ጀመረችው፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብላ ስህተቷን እንደ ጠፋ ቀለበት ፈለገችው። ቤቱ ቀይ ሆኖ ቀረ።

እዚያ ቤት የሚያድረው ግን እሱ ብቻ አይደለም። ከኋላ፣ ወደ ኮረብታው በኩል ባለው ክፍል እናቱ ይተኛሉ። ከእሷ በኋላ የመጣችው ሚስቱም አለች፤ ሕፃን ታቅፋ። የመኪናዋን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ለማንም ሳትናገር ወጣች።

ወደ ኮረብታው የሚያወጣው መንገድ ዳር የቆሙት የመብራት ምሰሶዎች እንደ ሰካራም ወደ ሸለቆው ዘምመዋል። ኮንትራክተሩ «መቶ ዓመት ይቆማል» ሲል ያስመረቀው የድጋፍ ግንብ ሆዱ ገፍቷል። የቀድሞ አማቷ በቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ካልሲ ይጠግናሉ። ምራታቸው ሕፃኑን አዝላ ከጎናቸው ቆማለች፤ ባሏ ሲናገር አፉ አፉን የምታይ፣ ሳይናገርም የምትጠብቅ ሴት። ካርታ ሠሪዋ እንደ ወትሮው አለፍ አድርጋ አየቻት።

ኮንትራክተሩ ቀድሟት ደርሶ ነበር።

«ደግሞ እዚህ ምን አመጣሽ?» አላት። «ነገሩ ተስተካክሏል። አሁን ደውለው ነገሩኝ።»

«አንተ ጋ አልመጣሁም። እማማ፣ የሚተኙበትን ክፍል ላየው?»

አሮጊቷ በመርፌያቸው ወደ ውስጥ ጠቆሟት። የክፍሉ በር ገርበብ እንዳለ ቀርቷል፤ ብትገፋው አልዘጋ አለ። ወለሉ ላይ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ስንጥቅ ይሄዳል። ጨርቁን ሳብ ስታደርገው እጇ እስከ አንጓዋ ገባ።

«እንጨቱ አብጦ ነው» አለ ኮንትራክተሩ ከኋላዋ። «ሁለቴ ላግሁት፤ ደግሜ እልገዋለሁ።»

«በሩ አላበጠም። ቤቱ ነው የዘመመው።»

«ቤት መሥራት ልታስተምሪኝ ነው? በኮምፒውተር?»

በረንዳው ላይ ወጥታ አሮጊቷ ፊት ተቀመጠች።

«እማማ፣ ከዚህ መውጣት አለብዎት። ዛሬ።»

«ይናዳል እያልሽኝ ነው?»

«ይናዳል። መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም። ዛሬ ሊሆን ይችላል፤ ከዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል።»

«አንቺ ብትሆኚ ታድሪበታለሽ?»

«አላድርበትም።»

አሮጊቷ ካልሲውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። በፍቺው ጊዜ ለልጃቸው ነበር ያደሉት፤ እሷም አልፈረደችባቸውም። አሁን ግን እንደ ዳኛ ትክ ብለው አዩዋት።

«ልንገርሽ ልጄ» አሉ። «እዚህ ቤት ሳለሽ ሁላችንንም ከላይ ነበር የምታይን፤ እንደዚያ ካርታሽ። እኔን ጨምሮ። ዛሬም ስትገቢ ይህቺን ልጅ ደህና ዋልሽ አላልሻትም።»

ካርታ ሠሪዋ ፊቷ ጋለ።

«ግን» አሉ አሮጊቷ፣ «አንድ ቀን ዋሽተሽኝ አታውቂም።» ወደ ልጃቸውም ዞረው «ያቺን ትንሿን ሻንጣ አውርድልኝ» አሉት።

«እማዬ፣ ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። አንተን ደግሞ እኔ ነኝ የሠራሁህ። አውርድልኝ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ማንም አላገዘውም። ገብቶ ሻንጣውን አመጣና ደረጃው ላይ ጣለው፤ ከዚያም ጀርባውን ሰጥቷቸው ግንቡን በጫማው ይደበድብ ጀመር፤ ድም፣ ድም፣ ጥንካሬውን ሊያሰማቸው። ካርታ ሠሪዋ አሮጊቷን ደግፋ መኪናዋ ውስጥ ከፊት ወንበር አስቀመጠቻቸው። ከኮረብታው ጫፍ ደመናው ዝቅ ብሎ ዛፎቹን ውጧል።

ሞተሩን ልታስነሳ ስትል መስኮቱ ተንኳኳ። ምራትየዋ ነበረች። የአሮጊቷን ፎጣ ይዛ መጥታለች፤ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ እንደተኛ ነው። ፎጣውን በመስኮቱ አቀበለች፤ ግን አልሄደችም። ወደ ባሏ ዞር ብላ አየች። እሱ አሁንም ግንቡን ይረግጣል።

«መኪናው ስንት ሰው ይይዛል?» አለች በቀስታ።

ካርታ ሠሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየችው። ልጅ ናት፤ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። የኋላው ወንበር ከጫፍ እስከ ጫፍ በተጠቀለሉ ካርታዎች ተሞልቶ ነበር። ወርዳ በሩን ከፈተችና ጥቅሎቹን እየጎተተች አንድ በአንድ ጭቃው ላይ ትጥላቸው ጀመር።